ከድልድዩ ማዶ ምን አለ

ኃይለመስቀል የሚተዳደረው የሰውን ቃል ለሰው በማድረስ ነው። ሜልቦርን ከተማ፣ አስኮት ቬል በሚባለው ሰፈር ባለው የመንግሥት ፍላት ውስጥ፣ መኝታ ቤቱ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ፊት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ይቀመጥና በስልክ ያስተረጉማል። ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እሱ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፤ በሽተኛዋ በአማርኛ ትናገራለች፣ እሱ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። የሥራው ሕግ አጭር ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ። ሰውየው «አሞኛል» ካለ አስተርጓሚውም «አሞኛል» ይላል እንጂ «አሞታል» አይልም። ስለዚህ ኃይለመስቀል ሥራ በበዛበት ቀን ጠዋት ነፍሰ ጡር፣ ቀትር ላይ ሥራ ፈላጊ ጎረምሳ፣ አመሻሹ ላይ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሽማግሌ ሆኖ ይውላል።

ዓይኑን የወሰደበት ግላኮማ የሚሉት የዓይን በሽታ ነው። ቀስ እያለ ነው የወሰደው፤ መጀመሪያ ከዳር ከዳር፣ በኋላም ከመሐል። አሁን መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ሥራው የጆሮና የአፍ በመሆኑ አልተቋረጠበትም። የቀረበት ሌላ ነገር ነው። ኃይለመስቀል ከድሮውም ነገር ማየት የሚወድ፣ ትራም ላይ እንኳን የመስኮት ወንበር ካላገኘ ቅር የሚለው ሰው ነበር። አሁን ከሚስቱ ከአስካለማርያም ጋር ሲወጣ መጠየቅ ሥራው ሆነ።

እዚህ ጋ ምን አለ ይላታል። ቤት ትለዋለች። ምን ዓይነት ቤት ሲላት፣ የሰው ቤት ነዋ ትለዋለች። አስካለማርያም በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት ቆማ የምትውል ሴት ናት። ደግ ናት፤ ለባሏ የማትሆነው የለም። ብቻ ዓይኗ ያየውን ሁሉ በቃል መዘርዘር የሥራ ፈት ሥራ ይመስላታል። ልጃቸው ማሂ ደግሞ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ሁለት ቃል ጣል አድርጋ ወደ ስልኳ ትመለሳለች።

የብስክሌቱን ነገር ያነሳችለት ዓይኑን የሚከታተልበት ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ማየት የማይችሉ ሰዎችን በሁለት ሰው ብስክሌት ላይ እያፈናጠጠ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጠር የሚወስድ ክበብ አለ አለችው። ብስክሌቱን ታንደም ይሉታል። የሚያየው ሰው ከፊት ሆኖ መሪውን ይይዛል፣ የማያየው ከኋላ ሆኖ ፔዳል ይመታል። ኃይለመስቀል ባሕር ዳር ያደገ ነው፤ በሰዓት በሚከራይ ብስክሌት ከተማውን ሲዞር ነው ልጅነቱን የጨረሰው። ያን ቀን ቤቱ እስኪደርስ ድረስ እግሩ ፔዳል ሲፈልግ ነበር ማለት ይቻላል። አስካለማርያም ስትሰማ ግን እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። መኪና ገጭቶህ ልትቀርብኝ ነው አለችው። መኪና የማይገባበት መንገድ ነው ብሎ መለሰላት፤ እሷ ግን መኪና የማይገባበት መንገድ አለ ሲሏት የምታምን ሴት አልነበረችም።

መንገዱ በእርግጥም አለ። ከሜልቦርን ዳር ከሊሊዴል ተነስቶ እስከ ዋርበርተን የሚደርስ የቀድሞ የባቡር መስመር ነው። ባቡሩ ከቆመ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በቦታው ጠጠር ተደለደለበትና የብስክሌት፣ የእግረኛና የፈረስ መንገድ ሆነ። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሲወጣም ሲወርድም ሳያስታውቅ ነው። አልፎ አልፎ የመኪና መንገድ ያቋርጠዋል እንጂ መኪና አይሄድበትም።

ከፊት እንዲነዳለት የደረሰው ሰው ፊንታን ይባላል። አየርላንዳዊ ነው፤ ለከተማው ውሃ ቧንቧ ሲዘረጋ ኖሮ ጡረታ የወጣ። ኃይለመስቀል ሲጨብጠው መዳፉ እንደ ገመድ ሻካራ ሆኖ አገኘው፤ ድምፁ ከላይ ስለመጣለት ረጅም እንደሆነም ገመተ። ፊንታን ወሬ አያበዛም። የሚያስፈልገውን ብቻ ይላል፤ ጎርባጣ፣ ማርሽ ልቀይር ነው፣ ፍሬን፣ ወደ ግራ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ለኃይለመስቀል ይህም በቂው ነበር። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲንኮሻኮሽ፣ ነፋሱ ፊቱን ሲመታው፣ እግሩ ከሌላ ሰው እግር ጋር እኩል ሲዞር፣ ጥርሱን መክደን አቅቶት ነው የዋለው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ጥያቄ ጀመረ። በስተቀኝ ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ዛፍ አለው ፊንታን። ምን ዛፍ አለው ኃይለመስቀል። ትልቅ ዛፍ አለው ፊንታን። በስተግራስ? ሣር። ወፏስ ማን ናት? ፊንታን ጉሮሮውን ጠረገ፤ ወፍ ናት አለ። ኃይለመስቀል ልቡ ትንሽ ቀዘቀዘ። ሌላ አስካለማርያም አገኘሁ ብሎ አሰበ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ገና ማውንት ኤቭሊን የምትባለውን መንደር አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ፊንታን ሳይጠየቅ አፉን ከፈተ።

«በስተግራችን ውሃ አለ» አለ። «ዝም ያለ ውሃ። በሰው እጅ የተቆፈረ የጀልባ ቦይ ነው። መንገዳችን ጠጠር የለበሰው የቦዩ ዳር ነው፤ ድሮ ፈረሶች ጀልባውን በገመድ እየጎተቱ ይሄዱበት ነበር።»

ኃይለመስቀል ፔዳሉን መምታት ሊረሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ ፊንታን እስኪመለሱ አላቆመም። በቦዩ ላይ ስዋን የሚሏቸው አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ሁለት ሆነው ይንሳፈፋሉ። በስተቀኝ ሆቶርን የተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ አጥር ሆኖ ተተክሏል፤ ነጭ አበባ ስላወጣ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ወደፊት ቦዩን የገታ ትልቅ የእንጨት በር አለ። ኃይለመስቀል እዚህ ላይ አላስቻለውም፤ ውሃ በር ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀ። ፊንታን ሳይሰለች አስረዳው። አገሩ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፤ ጀልባ ዳገት ስለማይወጣ በሁለት በሮች መካከል ያስገቡትና ውሃ ይሞሉበታል፤ ውሃው ሲነሳ ጀልባውም ይነሳል። አሁን ግን በሩ በስብሷል፤ በስንጥቁ ውሃ ይንጠባጠባል፣ በላዩም ሣር በቅሎበታል። ከበሩ አጠገብ ነጭ ትንሽ ቤት አለች። ግድግዳዋ ላይ ቀይ ባልዲ ተሰቅሏል፤ ደጃፏ ላይ አንድ ጆሮ የሌለው ውሻ ተኝቷል።

ኃይለመስቀል ያን ቀን ማታ እራት ሲበላ ለሚስቱ የነገራት ይህንኑ ነው። ሁዳዴ ስለነበር በሽሮው ፊት ቁጭ ብሎ፣ እንጀራው እጁ ላይ እየደረቀ፣ ስለ ውሃ በር አወራት። አስካለማርያም ስታዳምጠው ቆይታ እንግዲህ ጥሩ ሰው ጥሎልሃል አለችው።

ጥርጣሬው የመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፤ እሱም ከጆሮው በኩል ነበር የመጣው። ፊንታን አሁን በድንጋይ ድልድይ ሥር ልናልፍ ነው፣ አንገትህን ዝቅ አድርግ አለው። ኃይለመስቀል አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ። በድልድይ ሥር ሲታለፍ የጎማው ድምፅ ተለውጦ ከግራና ከቀኝ ይመለሳል፤ ቅዝቃዜም ፊት ላይ ይመጣል። ምንም አልመጣም። ድምፁ እንደ ሜዳ ድምፅ ተበትኖ ቀረ፤ ፀሐይም ከትከሻው አልወረደችም። ፊንታን ግን አሁን አለፍን አለ።

ከዚያ በኋላ ኃይለመስቀል ነገሩን መከታተል ያዘ። ውሃ አጠገብ ሲኬድ የሚሸት ሽታ አለ፤ እሱ አልሸተተውም። የሸተተው ባሕር ዛፍ ነው። ያን ሽታ የትም ቢሆን አይስተውም። ከጎማው ሥር ቅርፊት እየተሰባበረ ይንቋቋል፤ በላያቸው ትልልቅ ወፎች ዘይት ያልተቀባ በር ሲከፈት በሚሰማ ድምፅ ይጮሃሉ። ወሩም ማርች ነው። እዚህ አገር ማርች መከር ነው፤ ቅጠል ይረግፋል እንጂ አጥሩ ሁሉ አበባ አይለብስም።

ቤት ሲደርስ ማሂን ጠራት። ከሊሊዴል ዋርበርተን በሚሄደው መንገድ ዳር የጀልባ ቦይ እንዳለ በስልኳ እንድታይለት ለመናት። ማሂ ካርታውን ከዳር እስከ ዳር አየችለት። ወንዝ አለ፣ ጅረቶች አሉ፤ ቦይ የሚባል ግን የለም ብላ በእንግሊዝኛ መለሰች። ቀጥላም፣ ባልተለመደ ሁኔታ ስልኳን አስቀምጣ፣ ለምን እንደጠየቃት ጠየቀችው።

ወሬው አስካለማርያም ጆሮ ሲደርስ ቤቱ ተደበላለቀ። አስካለማርያም ድስቱን ከምድጃው አውርዳ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ይህ ሰውዬ እየቀለደብህ ነው» አለችው። «ዓይኑን አምኖ ሰጠኝ ብሎ ያላየውን አየሁ እያለ ይጫወትብሃል። ከእንግዲህ አትሄድም።»

ኃይለመስቀልም ይህንኑ ሲያስብ ነበር የዋለው። ቢናደድ ማንም አይፈርድበትም። ነገር ግን ቁጣውን ሲፈልገው አላገኘውም፤ በቦታው ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ስንት ዓመት የሰው ቃል በጆሮው ሲያልፍ ኖሯል፤ ፈጥሮ የሚናገርና አስታውሶ የሚናገር ሰው አነጋገራቸው እንደሚለያይ ያውቃል። የሚፈጥር ሰው የሚጠቅመውን ብቻ ነው የሚናገረው። የሚያስታውስ ሰው ግን ለምንም የማይጠቅም ነገር አብሮ ያመጣል። ቀይ ባልዲ ማን ይፈጥራል? የውሻን ጆሮ ማን ይቆርጣል? ደግሞም የፊንታን መንገድ ከቅዳሜ ቅዳሜ አይምታታም። ባለፈው ሳምንት ከበሩ አጠገብ የተባለች ቤት በዚህኛውም ሳምንት ከበሩ አጠገብ ናት።

«አስካለ፣ ሰውየው የሚነግረኝ ቦታ እውነተኛ ቦታ ነው» አላት። «የት እንደሆነና ለምን ለእኔ እንደሚነግረኝ ነው ያላወቅሁት። ሳላውቅ ብተወው እንቅልፍ አይወስደኝም።»

አስካለማርያም ልብህ ካለ ሂድ፣ ስትወድቅ ግን እኔን አትጥራኝ ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች። ቅዳሜ ጠዋት ግን ቆሎውን ቋጥራ ኪሱ ውስጥ የከተተችለት እሷው ናት።

ኃይለመስቀል ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ አንድ ላይ መሄድ ጀመረ። አንዱን በጆሮውና በአፍንጫው ይሄደዋል፤ ሌላውን ፊንታን ይነግረዋል። ስለ ሁለተኛው ጥያቄ አበዛ። ነጯ ቤት ውስጥ ማን ይኖራል? የበሩ ጠባቂ ሚስት፣ ባሏ የሞተባት። ስዋኖቹ ሰው ይተናኮላሉ? ጎጆ ሲኖራቸው ክንፋቸውን ዘርግተው ያባርራሉ፤ ወንድሜን ሸሚዙን ይዘውት ያውቃሉ። ፊንታን ወንድሜን ሲል ከአፉ እንዳመለጠው የገባው አልመሰለም። ኃይለመስቀልም ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈው።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይገታው ነበር። በሚነግረው ቦይ ላይ ካለው ሁለተኛ የድንጋይ ድልድይ ሲደርሱ የፊንታን ወሬ ያልቃል። ከዚህ እንመለስ ይላል። ዉሪ ያሎክ ከሚባለው ትንሽ ከተማ ደርሰው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ ብለው፣ ኃይለመስቀል ቆሎውን፣ ፊንታን ዳቦውን በልተው ወደመጡበት ይዞራሉ። የክበቡ ሌሎች ሰዎች እስከ ዋርበርተን ዘልቀው ይመለሳሉ። እነሱ አንድም ቀን አላለፉትም።

ሆሣዕና ሊገባ አንድ ቅዳሜ ሲቀረው፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ኃይለመስቀል ጠየቀ።

«ፊንታን፣ ከድልድዩ ማዶ ምን አለ?»

ፊንታን ዳቦውን ማኘክ አቆመ።

«አላውቀውም» አለ።

«ለምን አታውቀውም?»

«በእኛ ጊዜ ከድልድዩ ማዶ የቦዩን ዳር እሾህ ውጦት ነበር። የአንድ ገበሬ ኮርማም ነበረበት። ልጆች አናልፍም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» ሲል ጠየቀ።

«ድምፅ ከማይመልሰው ድልድይ ጀምሮ።»

ፊንታን የቀረውን ዳቦ ጠቅልሎ አስቀመጠ። ኃይለመስቀል አላጣደፈውም፤ በሥራውም ቢሆን ሰው ቃሉን እስኪያገኝ መጠበቅ ያውቃል። በመጨረሻ ፊንታን የነገረው ይህ ነው። የተወለደው አየርላንድ ውስጥ፣ ሙሊንጋር ከምትባል ከተማ ወደ ምዕራብ ወረድ ብሎ፣ ቦዩ ዳር ነው። ጀልባ ቀርቶበት ቦዩ አረም የዋጠው ጊዜ ነበር። በጎረምሳነቱ ሥራ ፍለጋ እንግሊዝ ገባ፤ ከዚያ ወደዚህ መጣ፤ ወላጆቹን ለመቅበር ካልሆነ አልተመለሰም። ሜልቦርን ከሚስቱ ጋር ልጆች አሳደገ፣ የከተማዋን መሬት ሲቆፍር ኖረ። ኃይለመስቀል ያ ምን ዛፍ ነው ብሎ በጠየቀው ቀን ግን ደነገጠ።

«ዞር ብዬ አየሁት» አለ። «ዛፍ ነው፤ ከዚያ ሌላ የምለው አጣሁ። ወፏንም አላውቃትም። እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖሬ፣ ዓይን እያለኝ፣ ለዓይነ ስውር ሰው የምነግረው የለኝም። አፈርኩ። እዚያ ግን የሣሩን ሁሉ ስም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወደዚያ ወሰድኩህ።»

ኃይለመስቀል ራሱ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ዓይኑ እያየ በነበረበት ዘመን ይህን አገር ስንት ጊዜ አይቶታል። የጣናን ዳር ዛፍ ሁሉ በስም ይጠራል፤ እዚህ ግን ለእሱም ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው። ማሂ አንድ ጊዜ፣ ዳድ፣ እኮ ብዙ መቶ ዓይነት አለ ብላው ስቆ ትቶታል።

«ጠጠሩስ?» አለው በመጨረሻ። «የቦዩ ዳር ጠጠር ነው ብለኸኝ ነበር።»

ፊንታን ሳቀ። ጠጠሩን ከዚህ ነው የወሰድኩለት አለ፤ በእኔ ጊዜ ጭቃ ነበር። እህቴ ኖራ ግን አሁን በእርግጥ ጠጠር አልብሰውታል ትላለች። ቦዩንም ጠርገው ውሃ ሞልተውበታል፤ መኪና የማይገባበት የብስክሌት መንገድ ሆኖ አገር ያቋርጣል፤ ከሩቅ ድረስ ሰው እየመጣ ይሄድበታል። እሷም በብስክሌት ነው ገበያ የምትሄደው።

ኃይለመስቀል ቀና አለ። እንግዲያው እህትህ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ታውቀዋለች አለው። ታውቀዋለች አለ ፊንታን። ጠይቀሃት ታውቃለህ? ፊንታን አላውቅም አለ፤ ስንደዋወል የምናወራው ስለ አየሩና ስለ ሞተ ሰው ነው።

ፋሲካ አልፎ፣ ሜይ ገብቶ፣ ሜልቦርን ብርዷን ስትጀምር፣ ፊንታን አንድ ቀን አመሻሹ ላይ አስኮት ቬል መጣ። አስካለማርያም ፊቷን ልታጠቁርበት አስባ ነበር። ነገር ግን ረጅሙ ሽማግሌ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ያመጣውን ኬክ ሁለት እጁ ላይ ይዞ ሲቆም ባየችው ጊዜ ልቧ አልቻለም፤ ግባ፣ ብርድ አይምታህ አለችው በአማርኛ። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እዚህ ሲመሽ እዚያ ረፋድ ነው። ፊንታን በዋትሳፕ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፎ አቆመው።

ለኖራ አስቀድሞ ተነግሯታል። ስልኳን የካፖርቷ የደረት ኪስ ውስጥ ከታ ብስክሌቷ ላይ ወጣች። መጀመሪያ የሰሙት ትንፋሿን ነው፤ ከዚያ ጠጠሩን። ያው ድምፅ ነው። ኃይለመስቀል ጆሮውን ወደ ስልኩ ጣለ።

የኖራ እንግሊዝኛ ጥድፊያ ስለነበረበት ለአስካለማርያም አልገባትም፤ ምን አለች ስትል ባሏን ነካችው። ኃይለመስቀልም ሳያስበው ሥራውን ጀመረ። እንደ ሥራው ሕግም «ሄደች» አላለም።

«አሁን ከቤት ወጣሁ» አላት። «አጥሩ ሁሉ አብቧል። ዝናብ ሊመጣ ይመስለኛል፣ እስኪመጣ ግን እንሄዳለን። ነጯ ቤት ጋ ደረስኩ። አሁን ቀለሟ ቢጫ ነው፤ የደብሊን ሰዎች ገዝተዋታል።»

ፊንታን ቢጫ? ብሎ ጠየቀ። ኖራ ቢጫ አለች፤ ኃይለመስቀልም ቢጫ አለ። አስካለማርያም ወንበሯን ስባ ቀረበች። ባሏ በሴት ቃል ብስክሌት ሲነዳ ሰምታው አታውቅም። አንዱ ድልድይ ታለፈ፤ ቆይቶም ከስልኩ የሚመጣው የጎማ ድምፅ እንደገና ወፈረ፤ ከሁለት በኩል ተመለሰ፤ እንደገና ሳሳ። ማንም ሳይነግራቸው በሁለተኛው ድልድይ ሥር እንዳለፈች ሁሉም አወቁ።

«እንግዲህ አለፍኩት» አለ ኃይለመስቀል በኖራ ቃል። «ማዶ ነኝ።»

ፊንታን ጠረጴዛው ላይ ወደፊት አጎነበሰ። ምን አለ ብሎ ጠየቀ። ኖራ ለጊዜው ምንም የለም አለች። ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በግራ ውሃ፣ በቀኝ የከብት ሜዳ። ኮርማ የለም። እሾሁን አጽድተውታል። አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ከዚያ ድንገት ቆመች፤ ከአንድ ብስክሌተኛ ጋር ሰላምታ ጀመረች፤ ሰላምታው ወሬ ሆነ፤ ስልኩን ረሳችው። ሰውየው ስለ ዳሌው ኦፕራሲዮን ያወራል፤ ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፣ ነርሷ እንዲህ አለችኝ። ኃይለመስቀል ይህንንም አልቀነሰም። ዳሌዬን ብሎ ሁሉንም ለአስካለማርያም አደረሰላት፤ እሷም ከአረጋውያን ጋር ስለምትውል ገና አሁን ብስክሌት መንዳት የለበትም አለች። ፊንታን በድምፁ ሰውየውን አወቀው፤ አብሮት የተማረ ነው። አፉን በእጁ ይዞ እስኪያነባ ሳቀ።

ኖራ መንገዷን ስትቀጥል ዝናቡ ጀምሯት ነበር። ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ያዘችው መሰለ፤ ድምፁ ጠራ።

«ፊንታን» አለች። «አባባ ይለው የነበረው ቦታ ላይ ነኝ።»

ፊንታን ወደ ኃይለመስቀል ዞሮ ነገረው። አባታችን ውሃ በውሃ ላይ የሚሄድበት ቦታ አለ ይለን ነበር፤ ቀልድ ይመስለኝ ነበር አለ። ኃይለመስቀል መታገስ አልቻለም። እንዴት ነው ውሃ በውሃ ላይ የሚሄደው ብሎ ራሱ ኖራን ጠየቃት፤ በሥራው ላይ እያለ የራሱን ጥያቄ ሲጠይቅ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ኖራ አስረዳችው። ከታች ወንዝ አለ፤ ኢኒ ይባላል። ቦዩ ወንዙን መሻገር ስላለበት የድንጋይ ድልድይ ሠሩለት። የመኪና ድልድይ አይደለም፤ የውሃ ድልድይ ነው። ቦዩ ጀልባውን እንደያዘ በድልድዩ ላይ ያልፋል። እኔ አሁን መካከሉ ላይ ቆሜአለሁ አለች፤ አጠገቤ ያለው ውሃ ዝም ብሏል፣ እግሬ ሥር ያለው ይጮሃል። ስማው ብላ ስልኩን ወደ ታች ዘረጋችው።

አራቱም፣ ማሂ ሳትቀር ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ፣ ወንዙን አዳመጡ። ዝናቡና ወንዙ ተቀላቅሎ ይሰማል። አስካለማርያም ቀስ ብላ ለፊንታን ሻይ ቀዳች። ፊንታን አልጠጣውም፤ ስልኩን ብቻ ሲያይ ቆየ። ኖራ ረጠብኩ፣ ልመለስ ነው ብላ ስትዘጋው፣ ላደግኩበት ቤት ያን ያህል ቅርብ ነበር አለ፤ አንድ ቀን በብስክሌት ኮርማውን ብናልፈው ኖሮ እንደርስ ነበር። ከዚያ አባቴን ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ ብሎ ሻዩን አነሳ። ያን ምሽት ከእነሱ ጋር ዶሮ በላ፤ በርበሬው ፊቱን ሲያቀላው እንኳን ጥሩ ነው ከማለት አልቦዘነም።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ብርድ ነበር። ክበቡ ታንደሞቹን ከመኪናው ሲያወርድ ኃይለመስቀል ዛሬ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ዛሬ እዚሁ ነው አለው ፊንታን። ወጡ። ፊንታን አሁን ወሬው እንደ ቦዩ አልፈሰሰለትም፤ ያየውን እየፈለገ፣ እየቆመ ይናገራል። በቀኝ ዛፍ አለ፤ ግንዱ ነጭ ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፤ ስሙን አላውቀውም። ኃይለመስቀል አቁመው አለ። ወርደው ዳሰሰው፤ ግንዱ ልሙጥና ቀዝቃዛ ነበር። ውሻ ይዛ የምታልፍ አንዲት ሴት ጠየቁ። ማና ገም ነው መሰለኝ አለች፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለች። ከዚያ ራቅ ብሎ አንድ ወፍ ደወል እንደሚመታ አቋርጦ አቋርጦ ሲጮህ ሰሙ። የወፉን ስም ደግሞ አንድ ፈረሰኛ ነገራቸው። በዚህ ዓይነት ስለሄዱ የክበቡ ሰዎች ሁሉ ቀድመዋቸው ነጎዱ።

ዉሪ ያሎክ ሲደርሱ አግዳሚው ወንበር ላይ አላረፉም። ከዚያ ወዲያ ላለው መንገድ ፊንታንም እንደ ኃይለመስቀል አዲስ ነበር፤ ሁለቱም አልሄዱበትም። በስተግራ ያራ ወንዝ ቀርቦ ይሸሻል፤ ሽታው ይመጣል፣ ድምፁም ይመጣል። ፈርን በሚሉት የጫካ ተክል ትልልቅ ቅጠሎች መካከል ሲያልፉ እርጥበቱ ፊታቸው ላይ ተለጠፈ። ፊንታን ሲደክመው ኃይለመስቀል ከኋላ ይገፋል፤ ኃይለመስቀል ሲደክመው ፊንታን ስድብ ቢጤ በአየርላንድኛ ያጉረመርማል። ምን ማለት ነው ሲለው አይተረጎምም አለው።

ዋርበርተን የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ጠጠሩ አልቆ አስፋልት ሲጀምር የጎማው ድምፅ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ቆሙ። ኃይለመስቀል የመንገዱ መጨረሻ ምን ይመስላል ብሎ ጠየቀ። ፊንታን ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀና መዘርዘር ጀመረ። ካፌ አለ፣ ደጁ ላይ ጭቃ የለበሱ ብስክሌቶች ተደግፈዋል። የእኛ ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን እያውለበለቡ ነው። ከኋላቸው ተራራ አለ፤ እስከ ጫፉ ጫካ ነው፤ ወገቡ ላይ ደመና ጥምጥም ሠርቷል።

«ተራራው ማን ይባላል?» አለ ኃይለመስቀል።

ፊንታን ወደ ላይ እያየ ሳይሆን አይቀርም፤ ድምፁ ከሩቅ መጣ። አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ አለ። ታንደሙን ኃይለመስቀል እንዲይዘው ሰጠውና ሄደ። ኃይለመስቀል መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ፊንታን ካፌው ደጅ ካለ ሰው ጋር ሲነጋገር ይሰማዋል፤ ሰውየው አንድ ስም ይናገራል፣ ፊንታን ቀስ ብለህ ድገምልኝ ይለዋል።